ፊልሙ ኮምፒውተር ላይ፣ እኛ ሳሎን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁ አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። ኮምፒውተር ላይ የተከማቸ ቪዲዮ አለ፣ ሳሎን ትልቅ ስክሪን አለ፣ ሁለቱ ግን አልገናኝ ብለዋል። ወይም ተገናኝተው ይቆራረጣል፣ ድምፅ የለውም፣ ጽሑፉ ሳጥን ሳጥን ይሆናል። ወደ መልሶቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ አንብባችሁ እስክትጨርሱ ምንም አትግዙ። አዲስ ራውተርም፣ አዲስ ቲቪም፣ ፈጣን የኢንተርኔት ፓኬጅም ይቆይ። ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ሳይለዩ ገንዘብ ያወጡ ሰዎች መልእክት በብዛት ይደርሰኛል፤ አብዛኛው ግን በነፃ የሚስተካከል ስለሆነ ከልቤ ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ አባት ነኝ። የልጆቼን የልጅነት ቪዲዮዎች ላፕቶፔ ላይ ሰብስቤአለሁ። ሳሎን ለማየት በፈለግሁ ቁጥር ፍላሽ ላይ ገልብጬ ነው የምወስደው። አንዳንዱ ትልቅ ፋይል ደግሞ ፍላሹ ባዶ ቦታ እያለው አልገለበጥ ይላል። ያለ ፍላሽ ማየት ይቻላል ወይ? ኢንተርኔቴንስ አይጨርስብኝም?

መልስ፦ ይቻላል አባቴ። ኢንተርኔትዎንም አይነካም። ቪዲዮው ከላፕቶፑ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ቲቪው ነው የሚሄደው፤ ከቤት ውጭ አይወጣም። ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ቢውል እንኳ ራውተሩ መብራት እስካለው ድረስ ሁለቱ ይነጋገራሉ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ዳታ ያልቅብኛል ብሎ የሚፈራው ለዚህ ነው።

በጣም ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ቲቪዎ አፕ የሚጫንበት ዓይነት ከሆነ ቪኤልሲን ይጫኑበት። በኮምፒውተር ላይ የምናውቀው ባለ ብርቱካናማ ኮን ምልክት ማጫወቻ ነው፤ ለአንድሮይድ ቲቪም ለአፕል ቲቪም አለ፣ በነፃ ነው። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ የቪዲዮውን ፎልደር ሼር ያድርጉ። ቪኤልሲ ውስጥ የኔትወርክ መፈለጊያውን ሲከፍቱ የላፕቶፑ ስም ብቅ ይላል፣ ገብተው ፋይሉን መርጠው ማጫወት ነው። ስምና የይለፍ ቃል ከጠየቀዎት የላፕቶፑን መግቢያ ነው የሚፈልገው።

ቪዲዮዎቹ እየበዙ ሲሄዱ ግን ጄሊፊንን ቢሞክሩ ደስ ይለኛል። ላፕቶፑ ላይ የሚጫን ነፃ ሰርቨር ነው፤ ማለትም ቪዲዮዎቹን ለቲቪውና ለሌሎች መሣሪያዎች የሚያድል ፕሮግራም። ከጫኑት በኋላ በብሮውዘር ይከፈታል፣ ስምና የይለፍ ቃል ያወጣሉ፣ ቪዲዮዎቹ ያሉበትን ፎልደር ያሳዩታል። ከዚያ ቲቪው ላይ የጄሊፊንን አፕ ይጫኑና አድራሻ ሲጠይቅዎ የላፕቶፑን አይፒ፣ ማለትም በቤቱ ኔትወርክ ላይ ያለውን የቁጥር አድራሻ፣ ይጻፉለት፦ ለምሳሌ 192.168.1.20፣ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ (:)፣ ቀጥሎ 8096። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ጄሊፊን የሚጠብቅበት በር ነው፣ እሱ ከተረሳ አይገናኝም። አንዴ ከገባ በኋላ ቪዲዮዎቹ በምስላቸው ተደርድረው ይታያሉ። አንዱን ግማሽ ላይ አቁመው በማግስቱ ካቆሙበት መቀጠል ይችላሉ፣ ስልክዎ ላይም ቢሆን።

ፍላሹ እምቢ ያለው ደግሞ የተዘጋጀው ፋት32 በሚባለው የድሮ ፎርማት ስለሆነ ነው። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ 64 ጊጋ ባዶ ቦታ ቢኖረውም። በኤክስፋት ፎርማት ቢያደርጉት ይቀበላል። ፎርማት ሲደረግ ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ይገልብጡ። ቲቪው ኤክስፋት ማንበቡንም አንድ ትንሽ ፋይል አድርገው ይፈትሹ፣ አሮጌ ቲቪዎች አንዳንዶቹ አያነቡትም።

ጥያቄ፦ ሰላም። ፕሌክስ የሚባለውን ሰርቨር ኮምፒውተሬ ላይ ጭኜ ፊልሞቼን ቲቪ ላይ አያለሁ። አንዳንዱ ፊልም ጥርት ብሎ ይሄዳል። አንዳንዱ ግን በየደቂቃው ስታክ እያደረገ ክቡ ይዞራል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ፋኑ እንደ ጉድ ይጮኻል። የኢንተርኔት ፓኬጄን አሳደግሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። ምን ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምንም አትግዛ። ደግሞ ጥያቄህ ውስጥ መልሱ አለ። አንዳንዱ ጥርት ብሎ ከሄደ መንገዱ ደህና ሊሆን ይችላል። ፋኑ የሚጮኸው ደግሞ ፕሮሰሰሩ ከባድ ሥራ ላይ ስላለ ነው። ፋይል አንብቦ ለመላክ ብቻ ኮምፒውተር አይደክምም። ስለዚህ ኮምፒውተርህ ፊልሙን እየላከ አይደለም፣ እየሠራው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ያለው ኤምኬቪ ወይም ኤምፒ4 ሻንጣው ነው፣ ውስጡ ያለው ዕቃ ሌላ ነው። አንዱ ኤምኬቪ ውስጥ በኤች.264 የታመቀ ምስል ይኖራል፣ ሌላው ኤምኬቪ ውስጥ በኤችኢቪሲ፣ ሦስተኛው ውስጥ በኤቪ1። እነዚህ የማመቂያ ዘዴዎች ኮዴክ ይባላሉ። ኤች.264 እ.ኤ.አ. በ2003 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የወጣ ስለሆነ አሁን የማያጫውተው መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል። ኤችኢቪሲ በ2013፣ ኤቪ1 በ2018 ነው የመጡት። ቲቪህ ከእነሱ በፊት የተሠራ ከሆነ አያውቃቸውም። ቲቪው አላውቀውም ሲል ሰርቨሩ ዝም አይልም፤ ምስሉን ፍሬም በፍሬም ፈትቶ ቲቪው በሚያውቀው አድርጎ እንደገና ያመቀዋል። ይህ ትራንስኮዲንግ ይባላል። አንተ ፊልሙን እያየህ እኩል መሮጥ አለበት። ፕሮሰሰሩ ከፊልሙ ኋላ ሲቀር ክቡ ይዞራል።

ስለዚህ አሁኑኑ ይህን አድርግ። የሚቆራረጠውን ፊልም ሳሎን ክፈተው፣ እየተጫወተ ኮምፒውተሩ ጋ ሂድና የፕሌክስን ዳሽቦርድ ተመልከት። ዳይሬክት ፕሌይ የሚል ከሆነ ፋይሉ እንዳለ እየሄደ ነው፣ ሰርቨሩ ምንም አይነካውም። ዳይሬክት ስትሪም ካለ ሻንጣው ብቻ ተቀይሯል፣ እሱም ቀላል ነው። ትራንስኮድ ካለ ግን የቱ እንደሆነ ልብ ብለህ አንብብ፣ ምስሉ ነው ወይስ ድምፁ? ጄሊፊን የምትጠቀሙም ዳሽቦርዱ ላይ የሚጫወተውን ፊልም የመረጃ ምልክት ስትነኩ ምክንያቱን ጭምር ይነግራችኋል። የቪዲዮው ኮዴክ አይደገፍም፣ የድምፁ ኮዴክ አይደገፍም፣ ሰብታይትሉ አይደገፍም ይላል። እኔ ይህን ሳላይ ለማንም ምክር አልሰጥም።

ከዚያ በኋላ መፍትሔው እንደ ምክንያቱ ነው። ድምፁ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዲቲኤስ የሚባለው የድምፅ ኮዴክ ነው። ሳምሰንግ ከ2018 ሞዴሎቹ ጀምሮ ዲቲኤስን መደገፍ አቁሟል፣ ኤልጂም በ2020 አቁሞ በ2023 አንዳንድ ሞዴሎች ላይ መልሶታል። ምስል እያለ ድምፅ የለም ብላችሁ የጻፋችሁልኝም፣ በተለይ በፍላሽ የምታዩ፣ መጀመሪያ እዚህ ጋ ጠርጥሩ። ድምፅ መቀየር ለኮምፒውተር ቀላል ሥራ ነው። ከፈለግህ ደግሞ ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ምስሉን እንዳለ ቅዳ፣ ድምፁን ብቻ ወደ ኤሲ3 ቀይር ብለህ አንዴ ታዘዋለህ። ምስሉ ስለማይነካ ጥራቱ አይቀንስም፣ ብዙም አይፈጅም። ምስሉ ከሆነ ግን ሁለት ምርጫ አለህ። አንደኛው ማታ ሃንድብሬክ የሚባለውን ነፃ የቪዲዮ መቀየሪያ ከፍተህ ፊልሙን ወደ ኤች.264 ቀይረህ መተኛት ነው፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን አንዴ ብቻ ነው። ሁለተኛው ኮዴኩን የሚያውቅ ትንሽ የማጫወቻ ስቲክ ቲቪው ላይ በኤችዲኤምአይ መሰካት። መግዛት የሚባል ነገር ካለ የምፈቅደው እሱን ነው። ሰርቨሩን ከማጠንከር ማጫወቻውን መቀየር ይሻላል፣ ምክንያቱም ቲቪው ፋይሉን እንዳለ ከተቀበለ የዱሮ ኮምፒውተር እንኳ ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው የሚያልፈው። ቲቪው ላይ ያለውን የፕሌክስ አፕ ሴቲንግ ክፈትና የቪዲዮ ጥራት የሚለውን እይ። እዚያ ዝቅ ያለ ቁጥር ተመርጦ ከሆነ ሰርቨሩ ጤነኛውን ፋይል ሁሉ ወደዚያ ቁጥር ለማውረድ ትራንስኮድ ያደርጋል። ኦሪጅናል ወይም ማክሲመም የሚለው ላይ አድርገው። በዚህች ብቻ የተፈታ ችግር ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ በዋይፋይ ወይስ በኬብል? ወንድሜ ኬብል ካልዘረጋሽ አይሆንም ይለኛል። ግድግዳ መብሳት አልፈልግም። ኮምፒውተሬም ቲቪዬም በዋይፋይ ነው የተገናኙት።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ምን ያህል እንደሚያስፈልግሽ እንለካ። የፋይሉን መጠን ወስደሽ በፊልሙ ርዝመት አካፍይው። የሁለት ሰዓት ፊልም 4 ጊጋባይት ከሆነ፣ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 32,000 ሜጋቢት ነው። ሁለት ሰዓት 7,200 ሴኮንድ ነው። ሲካፈል በሴኮንድ 4.4 ሜጋቢት ገደማ ይመጣል። ይህን ደካማ ዋይፋይም ይችለዋል። ፋይሉ 60 ጊጋ የሆነ የ4ኬ ፊልም ከሆነ ግን በአማካይ 67 ሜጋቢት ይሆናል። አማካይ ነው ያልኩት፤ ፍንዳታና ሩጫ ያለበት ትዕይንት ላይ ከዚያ በላይ ይወጣል። የ4ኬ ብሉሬይ ዲስክ ጣሪያው 128 ሜጋቢት ነው። ስለዚህ የምታይው ትናንሽ ፋይል ከሆነ ወንድምሽ ያስፈራራሽ በከንቱ ነው።

አሁን ወደ ዋይፋዩ። ኮምፒውተሩም ቲቪውም በዋይፋይ ከሆኑ አንዱ ፊልም አየር ላይ ሁለት ጊዜ ይጓዛል፦ ከኮምፒውተሩ ወደ ራውተሩ አንዴ፣ ከራውተሩ ወደ ቲቪው ሌላ ጊዜ። ሁለቱም ጉዞ አንድ ቻናል ላይ ከሆነ ተራ እየጠበቁ ነው የሚያልፉት። ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ሁለቱንም በኬብል ማድረግ ባትችይ አንዱን አድርጊ። ራውተሩ አጠገብ ያለው የትኛው ነው? ኮምፒውተሩ ከሆነ አጭር ኬብል ይበቃዋል፣ ግድግዳ መብሳትም የለም። ኮምፒውተሩን ራውተሩ ወዳለበት ማዛወር ከቻልሽም ያው ነው።

ከዚያ በዋይፋይ የቀረው መሣሪያ 5 ጊጋኸርትዝ በሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ላይ መሆኑን አረጋግጪ። 2.4 ጊጋኸርትዝ ሩቅ ይደርሳል፣ ግን የተጨናነቀ ነው፤ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፣ የጎረቤት ራውተሮች ሁሉ በእነሱ ላይ ይሻማሉ። ብሉቱዝና ማይክሮዌቭም እዚያው ሰፈር ነው የሚሠሩት። 5 ጊጋኸርትዝ ይፈጥናል፣ ግድግዳ ግን ያደክመዋል። ቲቪው አንድ ግድግዳ አልፎ ከሆነ ብዙ ጊዜ ችግር የለም፣ ሦስት ግድግዳ አልፎ ከሆነ ግን ኬብሉን ማሰብ ግድ ነው።

ኬብል የዘረጋችሁ ሰዎችም አንድ ነገር እወቁ። ብዙ ስማርት ቲቪዎች፣ ውድ የሚባሉትም ጭምር፣ የኬብል መሰኪያቸው ከ100 ሜጋቢት አያልፍም። ራውተራችሁ ጊጋቢት ቢሆንም ቲቪው እዚያ ጋ ይገድበዋል። ትልቅ የ4ኬ ፋይል በኬብል ሲቆራረጥ በ5 ጊጋ ዋይፋይ ጥርት ብሎ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ኬብል ሁልጊዜ ይበልጣል የሚለው እምነት እዚህ ላይ አይሠራም። ሁለቱንም ሞክሩና የተሻለውን ያዙ።

ጥያቄ፦ ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ቲቪው ኮምፒውተሩን አላየውም ይላል። ምንም የነካሁት ነገር የለም።

መልስ፦ ምንም ሳትነካ የሚቀየሩ ነገሮች አሉ። አንደኛው አይፒ አድራሻው ነው። ራውተሩ አድራሻ የሚሰጠው ለጊዜው ነው። ጠፍቶ ሲነሳ ትናንት 20 የነበረውን ኮምፒውተር ዛሬ 23 ሊለው ይችላል፣ ቲቪው ደግሞ አሁንም 20ን ነው የሚያንኳኳው። ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ለኮምፒውተሩ አድራሻውን ቋሚ አድርግለት። አንዴ ካደረግኸው ይህ ጥያቄ ዳግመኛ አይመጣም።

ሁለተኛው ዊንዶውስ ነው። ኔትወርኩን ፐብሊክ ብሎ ከያዘው ኮምፒውተሩን ከሌሎች መሣሪያዎች ይደብቀዋል፣ ካፌ ውስጥ እንዳለህ ቆጥሮ። የኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬት አድርገው። ይህን ግን የራስህ ቤት ኔትወርክ ላይ ብቻ ነው። ፋየርዎሉም ሰርቨሩን አግዶት ሊሆን ይችላል። ፋየርዎሉን ጠቅላላ አታጥፋው፣ ለሰርቨሩ ፕሮግራም ብቻ ፍቀድለት።

ሦስተኛው፣ ኮምፒውተሩ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። በተለይ ላፕቶፕ። ክዳኑ ሲዘጋና ቻርጅ ላይ ሲሆን እንዳይተኛ የፓወር ሴቲንጉን አስተካክል። አራተኛው ደግሞ ቲቪው በስህተት የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ገብቶ እንደሆነ ተመልከት፤ የእንግዳ ኔትወርክ የተሠራው ከቤቱ መሣሪያዎች ጋር እንዳይተያይ ነው።

አሮጌ ሚዲያ ፕሌየር ኖሯችሁ ሼር የተደረገውን ፎልደር አልከፍትም ካላችሁ ጉዳዩ ሌላ ነው። እነዚያ መሣሪያዎች የሚያውቁት ኤስኤምቢ1 የሚባለውን የድሮ የፋይል ማጋሪያ ፕሮቶኮል ብቻ ነው። በግንቦት 2017 ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በዚሁ ቀዳዳ ገብቶ ነው፣ ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት መገባደጃ በወጣው የዊንዶውስ 10 እትም እንደ ነባሪ እንዳይጫን አደረገው። ኢንተርኔት ላይ መልሳችሁ አብሩት የሚል ምክር ሞልቷል። እባካችሁ አታብሩት። በእሱ ፈንታ ዲኤልኤንኤ የሚባለውን በቤት ኔትወርክ ቪዲዮ የማጋሪያ ዘዴ ተጠቀሙ፣ እነዚያ ማጫወቻዎች አብዛኞቹ ያውቁታል። ዊንዶውስ ውስጥ ሚዲያ ስትሪሚንግ በሚለው ስር አለ። ጄሊፊን ላይ ከ2024 ወዲህ እንደ ፕለጊን ለብቻው ይጫናል። ዲኤልኤንኤን ያቋቋመው ማኅበር በ2017 ቢበተንም አሠራሩ ዛሬም ቲቪዎች ውስጥ አለ።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ሰብታይትል ራሴ ጽፌ ለእናቴ ፊልም አዘጋጃለሁ። ኮምፒውተሬ ላይ ቆንጆ ነው። ቲቪው ላይ ግን ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው የሚታየው። ተስፋ ቆርጫለሁ።

መልስ፦ ተስፋ አትቁረጪ፣ የምትሠሪው ሥራ በጣም ደስ ይላል። ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚታይ በደንብ ተመልከቺ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ምልክት የተለያየ በሽታ ነው የሚናገረው።

ሳጥን ከሆነ ፋይሉ ጤነኛ ነው። ቲቪው ፊደሉ መኖሩን ያውቃል፣ የሚስልበት ፎንት ግን የለውም። የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ግን ጉዳቱ ፋይሉ ላይ ነው። ሴቭ ስታደርጊ ኖትፓድ ላይ ኢንኮዲንጉ (ፊደላቱ ፋይሉ ውስጥ የሚመዘገቡበት ዘዴ) አንሲ ሆኖ ከሆነ የአማርኛ ፊደላቱ በጥያቄ ምልክት ተተክተው ተቀምጠዋል፣ ከዚያ ፋይል መልሰሽ ማውጣት አይቻልም። ሁልጊዜ ዩቲኤፍ-8 ብለሽ ሴቭ አድርጊ። እንግዳ የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ከሆነ ደግሞ ወይ ማጫወቻው ኢንኮዲንጉን በሌላ አንብቦታል፣ ወይ ጽሑፉ የተጻፈው ከዩኒኮድ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በእትም 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የላቲኑን ፊደል ቦታ ነው የሚወስዱት፤ ስለዚህ ያ ፎንት የሌለው መሣሪያ ላቲኑን ያሳያል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።

ያንቺ ሳጥን ስለሆነ መድኃኒቱ ፎንት ነው። ቲቪው ላይ ኮዲ የሚባለውን ማጫወቻ መጫን ከቻልሽ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባሉትን ነፃ ፎንቶች አውርደሽ ኮዲ የራሱ ፎንቶች የሚያስቀምጥበት ፎልደር ውስጥ ጨምሪ፣ ከዚያ በሰብታይትል ሴቲንግ ምረጪው። ጄሊፊን ከሆነ ዳሽቦርዱ ውስጥ ፕሌይባክ ስር የመጠባበቂያ ፎንት ፎልደር የሚገለጽበት ቦታ አለ፣ ፎንቱን እዚያ አስቀምጪና አብሪው። ሁሉም ማጫወቻ አይጠቀምበትም፣ ሞክሪው። ሰብታይትሉን ስም ስታወጪለት ደግሞ ከፊልሙ ፋይል ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፣ መጨረሻው ላይ ከኤስአርቲ በፊት ኤ እና ኤም የሚሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት በነጥብ ለይተሽ ጨምሪበት። ያኔ ሰርቨሩ አማርኛ መሆኑን አውቆ በስሙ ያሳይሻል።

ይህ ሁሉ እምቢ ካለ ጽሑፉን ምስሉ ላይ ማተም ነው። ሃንድብሬክ ላይ በርን ኢን የሚለውን ትመርጫለሽ። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ የምስሉ አካል ስለሆነ ማንኛውም ቲቪ ላይ ይታያል፣ ማጥፋት ግን አይቻልም። ኦሪጅናሉን ፋይል አስቀምጪ።

ለሌሎቻችሁም፦ ከብሉሬይ የሚመጡ ሰብታይትሎች ጽሑፍ አይደሉም፣ ሥዕል ናቸው። ማጫወቻው ካላወቃቸው ሰርቨሩ ምስሉ ላይ እያተመ ይልካል፣ ያ ደግሞ ሙሉ ትራንስኮዲንግ ነው። ሰብታይትል ስከፍት ብቻ ይቆራረጣል ያላችሁ በዚህ ምክንያት ነው። ጽሑፍ የሆነውን፣ ኤስአርቲ የሚባለውን፣ ፈልጉለት።

ጥያቄ፦ ፕሌክስ፣ ጄሊፊን፣ ኤምቢ፣ ኮዲ፤ የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ኮዲ ከሌሎቹ ይለያል። እሱ ማጫወቻ ነው፣ ቲቪው ላይ የሚቀመጥ፤ ሌሎቹ ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጡ ሰርቨሮች ናቸው። አንድ ቲቪ ብቻ ካለህ ኮዲ ብቻውን ይበቃሃል። ፎልደሩን ሼር አድርገህ ኮዲን ታሳየዋለህ፣ የማያጫውተው ፋይል ብርቅ ነው። ቲቪው፣ ስልኩ፣ ታብሌቱ ሁሉም ከአንድ ቦታ እንዲያዩ ከፈለግህ ሰርቨር ያስፈልግሃል።

ፕሌክስ መልኩ ያምራል፣ አፑ የሌለበት ቲቪ ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን አካውንት ይጠይቃል፣ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ከቤት ውጭ ሆኖ የራስን ሰርቨር ማየት በክፍያ ሆኗል፣ የግራፊክስ ቺፑን ለትራንስኮዲንግ መጠቀምም በክፍያ ነው። ቤት ውስጥ ማየት ነፃ ነው። ጄሊፊን ሁሉም ነገሩ ነፃ ነው፣ አካውንቱ እዚያው ኮምፒውተርህ ላይ ነው፣ ኢንተርኔት ባይኖርም ግባ ይልሃል። የተወለደው በታኅሣሥ 2018 ኤምቢ ኮዱን ሲዘጋ ነው፤ ክፍት ሆኖ ይቀጥል ያሉ ሰዎች የቀደመውን ኮድ ይዘው ወጡ። አፑ አንድሮይድ ቲቪ፣ ፋየር ቲቪ፣ ሮኩና የኤልጂ አዳዲስ ቲቪዎች ላይ አለ። የኔ ምርጫ ጄሊፊን ነው። የቤተሰብን ቪዲዮ ለማየት የሌላ ሰው ሰርቨር ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም ብዬ ስለማምን ነው።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው። ለሰርቨር ይሆናል?

መልስ፦ ፋይሉ እንዳለ የሚሄድ ከሆነ ይሆናል፣ ሥራው ሃርድ ዲስክ አንብቦ መላክ ብቻ ነው። ትራንስኮዲንግ የግድ ከሆነ የፕሮሰሰሩን ስም ተመልከት። ኢንቴል ከ2011 ጀምሮ ኩዊክ ሲንክ የሚባል የቪዲዮ ክፍል ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያስገባል። አይ5 ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ7 የሚጀምር፣ ለምሳሌ 7500፣ 7ኛ ትውልድ ነው ማለት ነው። ከዚያ ጀምሮ ያሉት ባለ 10 ቢት ኤችኢቪሲንም በቺፑ ይፈታሉ። ሰርቨሩ ሴቲንግ ውስጥ የሃርድዌር ትራንስኮዲንጉን ማብራት ግን አትርሳ፣ አለበለዚያ ቺፑ ቁጭ ብሎ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ይለፋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሌላ አገር ናት። የቤታችንን ቪዲዮዎች ከሰርቨሬ እንድታይ ራውተሩ ላይ ፖርት ክፈቺ አሉኝ። ልክፈት?

መልስ፦ አይክፈቱ እናቴ። ፖርት፣ ማለትም ከውጭ የሚገባበት የራውተሩ በር፣ ሲከፈት የሚገባው ልጅዎ ብቻ አይደለም። ክፍት በር የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ቀን ከሌት ኢንተርኔቱን ያስሳሉ፣ ሰርቨሩ ላይ አንድ ያልተጠገነ ቀዳዳ ካገኙ የቤትዎ ኮምፒውተር ውስጥ ናቸው። በዚያ ፈንታ ቴይልስኬል ወይም ዋየርጋርድ የሚባሉትን ቪፒኤኖች፣ ማለትም ሁለቱን መሣሪያዎች በተመሰጠረ የግል መስመር የሚያገናኙ ፕሮግራሞች፣ ይጠቀሙ። ቴይልስኬል ለጀማሪ ይቀላል፦ እርስዎ ኮምፒውተር ላይ፣ ልጅዎ ስልኳ ወይም ቲቪዋ ላይ ይጫናል፣ ሁለታችሁም በፈቀዳችሁት አካውንት ይገባል፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ያለች ያህል ጄሊፊንን ትከፍታለች። ራውተሩ ላይ የሚነካ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ግን ኢንተርኔቱ ይቆጠራል። እስካሁን ስናወራ የነበረው ከቤት የማይወጣ ቪዲዮ ነው፣ ይሄኛው ግን ይወጣል። ወሳኙ ደግሞ የማውረጃው ሳይሆን የመስቀያው ፍጥነት ነው፣ እሱ አብዛኛው ቤት ውስጥ በጣም ያነሰ ነው። ፍጥነት መለኪያ ሲከፍቱ አፕሎድ የሚለውን ቁጥር ይመልከቱ። 5 ሜጋቢት ካለ ልጅዎ አፕ ላይ ጥራቱን 3 ሜጋቢት አካባቢ ብታደርገው ሳይቆራረጥ ታያለች። ያኔ ሰርቨሩ ትራንስኮድ ማድረጉ አይቀርም፣ እዚህ ግን ሥራው ያ ነው።

ደግሞ እነዚህ ቪዲዮዎች አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ካሉ፣ ቪፒኤኑን ከመጫንዎ በፊት ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገልብጧቸውና ያኛውን ከኮምፒውተሩ ነቅለው ሌላ ክፍል ያስቀምጡት። ሰርቨር ላይ መሆናቸው መጠባበቂያ አላቸው ማለት አይደለም።